ያልተሾመው ዳኛና የሯጩ ኮዳ

እኔ በዚህ በመተማ ቆላ ከእባብም ከወባም አብልጬ የምፈራው ማንም ያልሾመውን ዳኛ ነው። እናንተስ አትፈሩትም? የኛው ዳኛ ጋሽ አዳነ ናቸው፤ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ ያርሳሉ።

ዘንድሮ እሳቸው እኔን ጨምሮ ለአጨዳ ከቀጠሯቸው ሰዎች አንዱ ደሳለኝ ነው፤ አበረታች መድኃኒት ተገኝቶበት የታገደ ሯጭ። ቅጣቱን ጨርሷል፤ ወደ ውድድር ሊመለስም ማለዳ ማለዳ ይሮጣል። በዚያ ሐሩር ከራሱ ኮዳ በቀር የሰው ውሃ አይቀምስም። ጋሽ አዳነ፣ «አንዴ ያጭበረበረ እግር ዳግም መሮጫ አይርገጥ! ኩራቱ ደግሞ!» ብለው ፈረዱ። እንጀራዬ በእጃቸው ነውና እኔም «አሜን» አልኩ።

አንድ ቀትር ከጎረቤት ማሳ እሳት ተነሳ። የታጨደው ሰሊጥ ሂላ በሚባለው የነዶ ክምር ቆሞ እየደረቀ ነው፤ ነፋሱም ወደኛ ዞረ። ዙሪያው በትራክተር ካልታረሰ ሁላችንም አመድ መሆናችን ነው። ትራክተሩ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ስልኩ አይሠራ! ዳኛችን ወደ ሯጩ ዞሩ።

«ደሳለኝ፣ የኔ ልጅ፣ ሩጥልኝ!»

ሮጠ። ጭሱ ሊውጠን ሲል ትራክተሩ እያጓራ ደረሰ። ዙሪያው ታረሰ፤ እሳቱም ባዶው አፈር ላይ ሞተ።

ደሳለኝ ከንፈሩ ደርቆ ያለከልካል። ኮዳው በሩጫው ወድቆበታል። ጋሽ አዳነ በጣሳ ውሃ አቀረቡለት። ሊመርቁት ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ዓይኑን ትክ ብለው አዩና፣ «ለመሆኑ ምን ወስደህ ነው እንዲህ የፈጠንከው?» አሉት።

ደሳለኝ ውሃውን ሳይቀምስ ጣሳውን መለሰላቸው።

«ይህን ጥያቄ ፈርቼ ነው ጋሼ፣ ምን እንዳለበት የማላውቀውን የሰው ውሃ የማልጠጣው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ኮዳዬን አንጠልጥዬ ነው የምዞረው።