አምስት ቀይ ሹራብ፣ አምስት ተሰጥኦ

ሰሞኑን ጎረቤቴ ቤቴ ድረስ መጥቶ ልጁ «ልዩ ተሰጥኦ አለው» መባሉን አበሰረኝ። ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ አስታውቆታል። ደብዳቤውን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኖ ይዞታል። እኔም እንኳን ደስ ያለህ አልኩና፣ «ለመሆኑ የደረቱ ስፋት ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

አኮረፈኝ። እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ምን ላድርግ? እኔ ያደግሁት አሰላ ነው። እኛ ዘንድ ተሰጥኦ የሚለካው በሜትር ነበር። በልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንገት ላይ በሚንጠለጠለው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ከአራት ወር ባለ ልዩ ተሰጥኦ ነበርኩ። ከዚያ ወፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ እማርበት ለነበረው የሚሲዮን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከባሕር ማዶ አንድ ካርቶን መጣለት። አሰላን የማታውቁ ካላችሁ፣ ጭላሎ የሚባል ተራራ ከበላይዋ ተቀምጦ ቀን ከሌት ይተነፍስባታል። ጠዋት ጠዋት ጣታችን እርሳስ አይጨብጥም። እንግዲህ እዚህ አገር ካርቶን ተከፍቶ አምስት ቀይ የሱፍ ሹራብ ሲወጣ ምን እንደሆንን አስቡት። ጸጥ አልን። በጸሎት ሰዓት እንኳ እንዲያ ጸጥ ብለን አናውቅም።

ከሹራቦቹ ጋር ደብዳቤ ነበር። ፈረንጇ ርእሰ መምህራችን ሚስ ሂልዳ አነበቡት፤ የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር ጥበቡ ተረጎሙት። «ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው አምስት ተማሪዎቻችሁ» ይላል። እስከዚያች ቀን ድረስ ተሰጥኦ ያላቸው አምስት ተማሪዎች እንዳሉን አናውቅም ነበር። ባሕር ማዶ ያሉት አወቁልን።

መምህር ጥበቡ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። የፈተና ውጤታችንን አይተው ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡትን ጠሩ። አንደኛዋ መዲና ነበረች።

መዲና የጋሽ ከድር ልጅ ናት። ጋሽ ከድር ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያው ዳር ጨው፣ ስኳር፣ ላምባ፣ ክርና መርፌ ይሸጣሉ። ሙስሊም ሆነው ልጃቸውን ለምን ሚሲዮን እንዳስገቡ ሰው ሲጠይቃቸው፣ «ሃይማኖቱን እዛው ትተሽ ሒሳቡን ይዘሽ ነይ ብያታለሁ» ይሉ ነበር። መዲና ግን አንድም ነገር ትታ አትመጣም። ሒሳቡንም ያዘች፣ መዝሙረ ዳዊቱንም ያዘች። ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ስለሆነ በዕድሜ ሁላችንንም ትበልጣለች። በትከሻም።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሹራቡ ጭንቅላቷን አለፈና ትከሻዋ ላይ ቆመ። ወደ ታች ቢሉት እንቢ፣ ወደ ላይ ቢሉት እንቢ። ዘበኛው ኦቦ ገመዳ ተጠርተው፣ «ያ ረቢ! በግ እንኳ እንዲህ አትገፈፍም» እያሉ አወለቁላት።

መምህር ጥበቡ፣ ግዴለም ያለ ሹራብ ትመዝገብ፣ ስድስት ይሁኑ አሉ። ሚስ ሂልዳ አሰቡበት። ደብዳቤው የሚለው አምስት ነው፣ ሹራቡም አምስት ነው፣ ስድስት ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል፣ ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው ብለው መለሱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እናም ሹራቡ ልኩን ፍለጋ ቁልቁል ወረደ። ስድስተኛዋ እጇ ረዘመ። ሰባተኛው አንገቱ አልገባም አለ። ስምንተኛው የኢተያ ስንዴ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ስንዴው ሰውነቱ ላይ ይታያል። ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሃያ ሦስተኛ ላይ ደረሰ። ሃያ ሦስተኛ እኔ ነኝ። ልክክ አለ! ሚስ ሂልዳ አጨበጨቡ። ቤት ስደርስ እናቴ እልል አለች። ተሰጥኦው ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ አባቴ፣ «በኔ በኩል ነው» አለ።

*

ባለ ተሰጥኦ መሆን ምን ይመስላል? ይሞቃል።

ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ሌላው ተማሪ የትምህርት ቤቱን ጎመን ይኮተኩታል። እኛ አምስታችን ምድጃ ያለበት ቤተ መጻሕፍት ገብተን ከሚስ ሂልዳ ጋር «ልዩ ትምህርት» እንማራለን። ልዩ ትምህርቱ የተቆራረጠ ሥዕል መገጣጠም ነው። የአንድ ቤተ መንግሥት ሥዕል። አንዱ ቁራጭ ጠፍቷል። ዓመት ሙሉ ገጣጠምነው፤ ዓመት ሙሉ በሩ ጎደለ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ተሰልፈን እንዘምራለን። እንግዳው «ጎበዞች!» ብሎ ይሄዳል። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው የሚል የለም። የለበሰ ሰው መቼ ይጠየቃል? እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላም ስብሰባ ላይ አንዳንድ ተናጋሪ ሲያጋጥመኝ፣ ይሄ ሰው የማን ሹራብ ልክ ሆኖት ነው እላለሁ።

ሚስ ሂልዳ ስማችንን አያውቁም ነበር። ሹራባችንን ግን በደንብ ያውቃሉ።

ከሁሉ ያልተመቸችኝ ማርካዋ ናት። አንገቱ ላይ በስተውስጥ የተሰፋች ትንሽ ነጭ ጨርቅ፣ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለባት። ቀኑን ሙሉ ታሳክከኛለች። እንደ ሕሊና በሏት። ሌላው ሰው ሕሊናውን ያዳምጣል፤ እኔ አክካት ነበር።

*

በሁለተኛው ዓመት ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ።

አንደኛው፣ ጋሽ ከድር ሁሩታ ላይ ሌላ ሱቅ ሊከፍቱ ተነሡ። ሱቁን የምትይዘው መዲና ናት ተባለ። ከገና በኋላ ትምህርቷ ሊያበቃ ነው። መምህር ጥበቡ ይህን ሲሰሙ ሱቃቸው ድረስ ሄዱ። እኔ ላምባ ልገዛ ቆሜ ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

«ጋሽ ከድር፣ ይቺ ልጅ አንደኛ ናት። ትምህርት ከጀመረች ጀምሮ አንደኛ ናት። ካርዷን ይዩት።»

«አየሁት፣ መምህር። ወረቀት ነው። ወረቀት እኔም አለኝ፣ ስኳር የምጠቀልልበት።»

«ስድስተኛን ብትጨርስ እኮ...»

«እርስዎን አከብራለሁ። ግን ፈረንጆቹ ሞኝ አይደሉም። ጎበዝ ላሉት ሹራብ ሰጥተዋል። ይኸውልዎ ይሄ» ብለው በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ «በየቀኑ በሱቄ ፊት ለብሶ ያልፋል። የኔ ልጅ አንደኛ ከሆነች ሹራቧ የታለ?»

መምህር ጥበቡ አዩኝ። እኔ ላምባው ጠርሙሴ ውስጥ ሲወርድ አየሁ። የምትቀዳልኝ መዲና ናት። አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም።

ሁለተኛው ነገር፣ አደግሁ። እጅጌው ወደ ክርኔ ሸሸ። ደረቴ ታፈነ። ሚስ ሂልዳ በየወሩ መጨረሻ በሜትር ይለኩናል፤ ሹራቡ የጠበበው ለሚበቃው ያስረክባል። አንድ የሁለተኛ ክፍል ድንክ ልጅ ነበር፣ የፊት ጥርሱ ገና ያልበቀለ። በሄድኩበት እየተከተለ ደረቴን ያያል። ወራሽ እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ።

ምግብ ቀነስኩ። እናቴ ደነገጠች። በሽታው ኮሶ ነው ብላ ደምድማ ኮሶ አጠጣችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከጓሮ አልወጣሁም። ሹራቡም ልክ ሆነ። ያን ወር ተሰጥኦዬ በጣም ጨምሮ ነበር።

ግን ስንት ጊዜ ኮሶ ይጠጣል? ከገና በፊት ያለው የወላጆች ቀን ሲቃረብ፣ ሹራቦቹን የላኩት ባልና ሚስት ራሳቸው ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ፎቶም አለ ተባለ። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሹራብ ስትሠራ ጣቷ የማይታይ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ሱቅ ሄድኩ።

«መዲና፣ ሹራቤ ጠበበኝ።»

«ሹራቡማ እንደነበረ ነው። አንተ ነህ የሰፋኸው።»

«ታሰፊልኛለሽ?»

«ለምን?»

«ተሰጥኦዬን ሊወስዱብኝ ነው።»

ሳቀች። ባንኮኒውን ይዛ ሳቀች። ከዚያ እጅጌዬን ያዝ አድርጋ አሠራሩን አየች።

«ዓርብ ስጠኝ፣ ሰኞ ውሰድ።»

«ምን ልክፈልሽ?»

«ምንም።»

«ማርካዋ ደግሞ አንገቴን ታሳክከኛለች» አልኳት። ሰው በነጻ ሲሠራለት ሥራ መጨመሩ አይቀርም።

«እሷንም አያታለሁ» አለች።

ሰኞ ወሰድኩ። ከብብት እስከ ወገብ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት የሚሆን አዲስ ክር ገብቶበታል። ቀዩ ከቀዩ ትንሽ ይለያል፤ እጄን ካላነሣሁ ማን ያየዋል? ለብሼ ተነፈስኩ። አንገቴም ማሳከኩን ተወኝ። ጎበዝ ልጅ፣ አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት የሚሰጠው ስንተኛ ክፍል ነው? እኔ አልደረሰኝም።

*

የወላጆች ቀን ሜዳው ሞላ። ባልና ሚስቱ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ሽማግሎች፣ የአፍሪቃን ፀሐይ አምነው ኮት ሳይዙ የመጡ፣ ሁለቱም የሚንቀጠቀጡ። ጋሽ ከድርም አሉ። መምህር ጥበቡ፣ ቢያንስ ስንብቷን ይዩ ብለው ለምነዋቸው ነው።

«ባለ ልዩ ተሰጥኦዎች!» ተባለ። ተሰለፍን። ሚስ ሂልዳ ቆጠሩን። እንደገና ቆጠሩን። በፈረንጅ አፍም በአማርኛም ስድስት ሆንን።

ስድስተኛዋ መዲና ናት። ቀይ ሹራብ፣ በልኳ የተሠራ። የአንገቱ አሠራር፣ የእጅጌው ጫፍ፣ ደረቱን የሚያቋርጠው ነጭ መስመር ሳይቀር ልክ እንደኛው።

አሁን ጥያቄ ሊጠይቁን ነው ብላችሁ ጠበቃችሁ? እኔም ጠብቄ ነበር። ትምህርት ቤታችንን አታውቁትም። ሚስ ሂልዳ ልጆቹን ትተው ሹራቦቹን ፈተኑ። በቅሎ እንደሚገዛ ሰው አንገት አንገታችንን እየገለበጡ መጡ። አንድ ማርካ። ሁለት። ሦስት። አራት። መዲና ጋ ደረሱ፣ ገለበጡ። አምስት።

እኔ ጋ ደረሱ። ባዶ። ክንዴን አነሡት። ጎንና ጎኑ ሌላ ቀይ።

«ይሄ የውሸት ነው» አሉ፣ በጥሩ አማርኛ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አፌን ከፈትሁ። ከኋላችን የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ዐሥርቱ ትእዛዛት በትልልቁ ተጽፈዋል፤ «አትስረቅ» የምትለዋ ልክ ከመዲና ራስ በላይ ነበረች። አየኋት። እሷ እኔን አታይም። አባቷን ነው የምታየው። ጋሽ ከድር በእግር ጣታቸው ቆመው፣ አጠገባቸው ያለውን የማያውቁትን ሰው ትከሻ እየነቀነቁ፣ «ያቺ ከዳር ሁለተኛዋ! ያቺ የኔ ናት!» ይላሉ።

አፌን ዘጋሁ። ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ብናገር፣ ሹራቡን ለምን ሰጠሃት ይሉኛል። ደግሞስ በሰው ወርቅ አይደምቁበት ይባል የለ? እኔ አንድ ዓመት ከአራት ወር ደምቄበታለሁ።

ሚስ ሂልዳ ወደ መምህር ጥበቡ ዞረው፣ ይህቺ ልጅ ዝርዝሩ ላይ ነበረች እንዴ ብለው ጠየቁ። መምህር ጥበቡ መዲናን አዩ። የእኔን ጎንና ጎን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ናት» አሉ።

ውሸት አልነበረም። የትኛው ዝርዝር ብሎ ማን ጠየቃቸው?

ሽማግሌው እንግዳ ግን የአገሩን ወግ አያውቁምና ጥያቄ ጠየቁ። ሰባት መቶ ሃምሳ ስድስት ለዐሥራ ሁለት ሲካፈል ስንት ነው አሉ። መምህር ጥበቡ ተርጉመው ሳይጨርሱ መዲና «ስልሳ ሦስት» አለች። ሽማግሌው እስክሪብቶ አውጥተው ሲያሰሉ ቆዩ። ስልሳ ሦስት። ሚስታቸው አለቀሱ። ሚስ ሂልዳም፣ ሹራብ የሕፃናትን አእምሮ እንዴት እንደሚከፍት ረጅም ንግግር አደረጉ።

የሁሩታን ሱቅ የመዲና ወንድም ያዘው። ጋሽ ከድር የዕለቱን ፎቶ ከስኳሩ መደርደሪያ በላይ ሰቀሉ። ካርዷ የት እንደገባ አላህ ይወቅ፤ ምናልባት ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል።

እውነተኞቹ ሹራቦች ዓመቱ ሲያልቅ ለትምህርት ቤቱ ተመለሱ። መዲናም በገዛ እጇ የሠራችውን አጥባ፣ አጥፋ፣ ፈርማ አስረከበች። የኔ የውሸት ስለሆነ አልተወሰደብኝም። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ አድገውበታል።

እኔስ? ወደ ደካሞች ክፍል ተላክሁ። ደካሞችን የሚያስተምሩት፣ በክርስቲያናዊ ፍቅር፣ ባለ ተሰጥኦዎቹ ናቸው። ለኔ መዲና ደረሰችኝ። ምድጃ የለም። የቤተ መንግሥት ሥዕል የለም። ማካፈል ብቻ። ስሳሳት በማስመሪያ ጠረጴዛውን ትመታለች፤ ጠረጴዛው ብዙ ተመታ። አንድ ቀን ከሰዓት ግን፣ ማንም ሳይረዳኝ፣ ሰባት መቶ ሃምሳ ስድስትን ለዐሥራ ሁለት አካፈልኩና ስልሳ ሦስት መጣ። እንደገና ሠራሁት። ስልሳ ሦስት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሹራብ ሞቀኝ። ልብ አገኘሁና ወራት ሙሉ የያዝኩትን ተነፈስኩ።

«ማርካዬን ሰርቀሽኛል።»

ማስመሪያዋን አስቀመጠች። ከልቧ የተገረመች መሰለች።

«ታሳክከኛለች ብለኸኝ አልነበር እንዴ?»