በእንግሊዝኛ ክጄ የተያዝኩ ዕለት

ወገኖቼ፣ ልጆቼ እንኳ የማያውቁትን ጉዴን ዛሬ ልናዘዝ።

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ናዝሬት፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል። አፍሮዬ ትልቅ፣ እንግሊዝኛዬ ትንሽ።

ያን ሰሞን መምህራችን «በፍጹም» የሚባልባቸውን መንገዶች አስተማሩን። ኖ ዌይ። ኔቨር። አብሶሉትሊ ኖት።

አበድኩላችሁ። እናቴ «ምሳ በላህ?» ስትለኝ «አብሶሉትሊ ኖት» እላለሁ። እሷ «እሰይ» ብላ ድስቱን ታነሳለች። ጾሜን እውላለሁ።

ታዲያ አንድ እሑድ ወባ ይዞኛል ብዬ ከቀበሌ ስብሰባ ቀረሁ። ከዚያ ሌሊሴ ከምትባል የክፍሌ ልጅ ጋር ሶደሬ ሄድኩ። ዋኘን፣ ሙዝ በላን፣ ተመለስን። በቃ።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት አስነሡኝ። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ በአጠገባቸው አላለፈም። ሌሊሴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ወባ ይዞኛል ብለህ ሶደሬ ሄደሃል የሚል ጥቆማ ደርሶናል።»

«አልሄድኩም» ብል ምን ነበረበት? ግን ሌሊሴ እያየችኝ ነው።

«ኖ ዌይ!» አልኩ።

«ነው ወይ? እኔ ስጠይቅህ መልሰህ እኔኑ ትጠይቃለህ?»

አፍሮዬን ነካ ነካ አደረግኩ።

«ሶደሬ ነበርክ ወይስ አልነበርክም?»

«ኔቨር፣ ጓድ ሊቀመንበር። ኔቨር!»

«ነበር ብሏል፣ ጻፍ» አሉት ጸሐፊውን። «ሁለቴ ነው ያመነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የባሰው ግን ገና ነበር።

«ከማን ጋር?» አሉኝ።

ስደነግጥ አማርኛዬ ተመለሰ። «ከማንም። ሌሊሴ የምትባል ልጅ ጭራሽ አላውቅም።»

የሌሊሴን ስም ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም እኮ!

ሌሊሴ ቀስ ብላ ተነሣች። «አብሬው ነበርኩ፣ ጓድ ሊቀመንበር። እንዳይሰምጥ ይዤው ነው የዋልኩት» ብላ ተቀመጠች።

ዋናተኛ ነኝ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሁት እዚያው አበቃ።

በሁለታችንም ላይ ሦስት እሑድ የገበያውን ቦይ መጥረግ ተፈረደብን። በመጀመሪያው እሑድ አላናገረችኝም። በሁለተኛው እጀታው የተሰበረውን አካፋ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ቀና አለችና «ለምንድን ነው የካድከኝ?» አለችኝ።

ብዙ ነገር ልል ነበር። «ፈርቼ» አልኩ።

«ይኸው፣ ስትፈልግ ትናገራለህ» አለችኝ። ሳቅ ብላ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

በዓመቱ ቤተሰቧ ወደ ዛሬዋ ባቱ ሄደ፤ እዚያው አገባች፣ ወለደች ሲሉ ሰማሁ። ደግ አደረገች።

እኔ «ፈርቼ» የምትል አንዲት ቃል ለማውጣት ሦስት እሑድ ጭቃ መዛቅ ነበረብኝ። እናንተስ ስንት እሑድ ፈጀባችሁ?