ሌያርኮ አባ ዛንዛራ ደኅና የሚሮጥ ሞተር እንደ ከፈቱ

በዘመነ ዮላንዳ፣ ይኸውም እመቤት ዮላንዳ በቤቱና በጓሮው ላይ ያለ ተቀናቃኝ በነገሡበት ዘመን፣ ከታላቁ መንከስ ወዲህ በአራተኛው ዓመት፣ በሮማኛ አገር ወይን በሚለቀምበትና የባሕር ዳር ጃንጥላ ታጥፎ ወደ መጋዘን በሚገባበት ወራት፣ የጭስ ጌታ፣ የኩርባ ወዳጅ፣ የሆቴል ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ ኖረው በጡረታ ያረፉት ባለቤታቸው ሌያርኮ ጋዛቲ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዛንዛራ፣ ያደረጉት ተጋድሎ ይህ ነው። ዛንዛራም በዚያ አገር ቋንቋ ትንኝ ማለት ስትሆን፣ ዘይትና ቤንዚን በአንድ አፍ የምትጠጣ፣ ባለሁለት ምት፣ ቀይ የእሽቅድድም ሞተር ብስክሌታቸው ናት።

ታላቁ መንከስ የተባለውም፣ ፒስተኗ በግለት አብጦ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀጥ ሲል፣ የኋላ ጎማዋ ተቆልፎ፣ ጌታዋን እንደ ድንች ጆንያ በአስፋልቱ ላይ የዘረጋችበት ቀን ነው። በዚያም ቀን እመቤት ዮላንዳ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ፦

«ስማ ሌያርኮ። ይቺ ነገር አንዴ ከደገመችህ ለደብሩ ቶምቦላ ነው የምሰጣት። ከጥንቸሉና ከዘይት ጣሳው ጎን ትቆማለች። ዕጣውን ደግሞ የምትሸጠው አንተ ነህ።»

እርሳቸውም እግራቸው በጀሶ ታስሮ ነበርና ይግባኝ አላሉም።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር በቀረበ ጊዜ፣ ለአሸናፊውም አንድ ሙሉ የደረቀ የአሳማ ጭን በቡና ቤቱ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ሁሉ አንጋጦ ሲያየው በሰነበተ ጊዜ፣ አባ ዛንዛራ ለልምምድ ወጡ። ዛንዛራም በረረች። በዕድሜዋ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። በቀጥተኛው መንገድ ላይ የእመቤት ዮላንዳን ወንድም፣ ያን ትዕቢተኛውን ኔቪዮን፣ እንደ ቆመ ምሰሶ አልፈውት ሄዱ። ሠራዊታቸውም፣ ይኸውም ዓሣ አጥማጁ ሳውሮ፣ ሬሳ ሣጥን ሠሪው ኦሪያኖ፣ እንዲሁም ወይን እስካለ ድረስ የማይከዱ ሌሎች አርበኞች፣ በቡና ቤቱ ተሰብስበው ዘፈኑ፤ ኦሪያኖም ወንበር ላይ ወጥቶ «የጠጣህ ላልጠጣ ንገር፤ ጭኑ የኛ ነው፤ ቢላ ሳሉ» ሲል አወጀ።

ነገር ግን የባለሁለት ምት ጠባይዋ እንዲህ ነው፤ ፒስተኗ አልቆ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲላላ፣ መፋተጉ ቀንሶላት፣ ልትሞት ስትል ትፈነድቃለች። የሮማኛ ሰው ይህን ሳይጎረምስ ያውቀዋል፤ ስለ ጎረቤቱም ሞተር ሲሆን እንደ ዳኛ ይፈርዳል፤ የገዛ ሞተሩ በፈነደቀ ጊዜ ግን «የኔማ አሁን ገና ተፍታታች» ይላል። አባ ዛንዛራም በዚያ ምሽት እንደዚያው ብለው ተኙ።

በማግስቱ እመቤት ዮላንዳ አንሶላ ሊያሰጡ ወደ ጓሮ ወጡ። የዛንዛራ የእግር ማስነሻ አንሶላውን ያዘባቸው፤ እርሳቸውም ተናደው በነጠላ ጫማቸው ጫፍ ገፉት፤ ያም የጎረምሳ ቅልጥም ሲመታ የኖረ ማስነሻ፣ እንደ ለጋ አይብ ዝም ብሎ ወረደ። ወሶበ ርእዩ ዘንተ፣ በኩሽናው መስኮት ይመለከቱ የነበሩት አባ ዛንዛራ ደነገጡ፤ ማንኪያቸው ከሾርባው ወጥቶ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። ፒስተኗ አልቆ፣ በሲሊንደሯ ውስጥ እግርን የሚገፋ የታመቀ አየር አልቀረም ማለት ነውና።

ከዚህም በኋላ ታላቅ ጭንቅ ሆነ። ካልከፈቷት ያለቀው ፒስተን ተሰብሮ ሁለተኛው መንከስ ይመጣል፣ ቶምቦላውም ይከተላል። ከከፈቷት ደግሞ አዲስ ፒስተን እስኪላመድ በዝግታ ይነዳልና፣ ጭኑ ለኔቪዮ ይሆናል። ከእሑዱ ውድድር በኋላ እከፍታታለሁ ብለው ሲያስቡ ደስ አላቸው፤ ማንኪያውን ሲያዩ ደስታው ጠፋ። በመጨረሻም ወደ ቡና ቤቱ ሄደው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዛሬ ከሰዓት ዛንዛራን እከፍታታለሁ» ሲሉ አወጁ።

ከዚያም ኔቪዮ ለመላው ጉባኤ እንዲህ አለ፦ «አማቼ ጤነኛ ላም አርዶ ጉበቷን ሊመረምር ነው። ተዉት፣ ጭኑ ከብዶት ነው። እኔ ስቆርጥ ስቡን እልክለታለሁ።» ሳውሮም «ጌታዬ፣ እንዲህ የምትሮጠውን ከከፈትክ፣ ቀስ የምትለዋንስ ምን ልታደርጋት ነው?» ብሎ በገዛ ጌታው ላይ ሳቀ።

አባ ዛንዛራ ግን ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ጋራዡ ዘመቱ። ውኃዋን አፈሰሱ፤ የማርሚታዋን ስፕሪንጎች ነቀሉ፤ የሲሊንደሩን ክዳን ቴስታታውን አነሡ፤ ሲሊንደሩንም እንደ ዘውድ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ሳቡት። ፒስተኑም ወጣ። አውራ ጣታቸውን ቀሚስ በሚባለው በፒስተኑ የታችኛው ጎን ላይ አሳለፉ፤ ጥፍራቸው ያዘ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከታችኛው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ይጓዝ ነበር። ፒስተኑም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ማንም አልሳቀም፤ ኦሪያኖ ሙያው ነውና ቆቡን አወለቀ።

ከዚያም ኵሎሙ፣ አንዱ ለወተት፣ አንዱ ለመድኃኒት እያለ እያመካኘ፣ ወደየቤቱ ተበተነ። በዚያች ምሽት በከተማው ጓሮ ሁሉ ባሎች ሚስቶቻቸውን በነጠላ ጫማ እያወጡ ማስነሻ ሲያስረግጡ ታዩ፤ «ጠንከር አለ ወይስ ወረደ?» የሚል ጥያቄ ከአጥር አጥር ተሰማ፤ ለእሑድም ግማሹ ሠራዊት በአዲስ ፒስተን ተሰለፈ። ኔቪዮ ብቻ፣ ዛንዛራ ባልነበረችበት ልምምድ ከሁሉ ፈጥኖ ነበርና፣ የሞተሩን ፍንደቃ እየሰማ ያፏጭ ነበር።

እሑድ ሆነ። ኔቪዮ ቀደመ። አባ ዛንዛራ ጋዙን በግማሽ ይዘው፣ ምናልባት ብትነክስ ጎማውን ከሞተሩ ሊያላቅቁ ፍሪሲዮኑ ላይ ሁለት ጣት አኑረው፣ ከሁሉ ኋላ ሆነው ዞሩ፤ ተመልካቹም ወይን ለቃሚ መስለውት ሰላምታ ሰጣቸው። በመጨረሻው ዙር የኔቪዮ ሞተር በቀጥተኛው መንገድ ላይ ከመቼውም ይልቅ አማረ፤ ወዲያው ነከሰ፤ እርሱም በሣር ክምር ውስጥ ገብቶ ጫማው ብቻ ታየ። አጥንቱ ደኅና ነበር። እመቤት ዮላንዳም ከአጥሩ ማዶ ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ፦

«ወንድሜ፣ ዕጣውን አንተ ትሸጣለህ። ሕጉ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው።»

ጭኑን ሳውሮ ወሰደው። ከብዙ ጊዜም በኋላ፣ ሰንደቁ ሊታጠፍ ሲል፣ አባ ዛንዛራ መጨረሻ ሆነው ገቡ፤ ሞተሯን ራሳቸው አጠፉ፤ በሁለት እግራቸውም ወረዱ።

እንግዲህ ቀድመው ገብተው በቃሬዛ የሄዱ ጀግኖች ብዙዎች ናቸው፤ ዜናቸውም በየሐኪም ቤቱ ተጽፏል። ሌያርኮ አባ ዛንዛራ ግን፣ ፍንደቃን ያላመኑ፣ ጭን ያለፋቸው፣ የጭስ ጌታ፣ የኩርባ ወዳጅ፣ የሁሉ ኋለኛ፣ ከሚስታቸው ጋር እየተጨቃጨቁ በእግራቸው ወደ መኪናው ሄደዋልና፣ ክብራቸው በሮማኛ ጓሮዎች ሁሉ ጸንቶ ይኑር።