አድማጭ ለምን ይወድቃል

መክብብ ለበገና ደርዳሪዎች የሚሆን ፕሮግራም ሠራ፤ ስሙንም «አድማጭ» አለው። ደርዳሪው ላፕቶፑን ፊቱ ከፍቶ ይደረድራል፣ አድማጭ ድምፁን እየቀዳ ዜማውን በጽሑፍ ያሰፍራል። ሲያወሩት ያምራል። ችግሩ፣ አድማጭ ገና ሙከራ ላይ ነውና መሃል ላይ ድርግም ብሎ ይዘጋል፤ የተቀዳውም እዚያው ተቆርጦ ይቀራል። ምን ሆነህ ነው እንዳይሉት፣ የስህተት ምልክት እንኳ አይተውም።

ሊሞክሩለት የተስማሙት ሁሉ አንድ ሁለቴ ሲወድቅባቸው «በል እግዜር ይርዳህ» ብለው ተዉት። አንዲት ሞካሪ ብቻ ጸናች። እሷም በገና ደርዳሪዋ ሚስቱ ትርሲት ናት፤ ያውም ጥላው ሄዳ ደብረ ብርሃን አክስቷ ቤት የተቀመጠችው ሚስቱ! ቤቱን ትታ አድማጭን አልተወችም። ይህን የሚፈታ ይፍታው።

ለምን እንደሄደች መክብብ አያውቅም። አልመታት፣ አልሰደባት፣ አይጠጣ። ሽማግሌዎች ይዞ ሄዶ ነበር። «ልጄ፣ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ ምን በደለሽ?» አሏት። መሬት መሬት እያየች ጥቂት ቆየች። ይኼኔ መክብብ ቀድሟት «አያችሁ? ምንም የላትም» አላቸው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። አሁን እዚያው የኪራይ ቤት እያፈላለገች ነው አሉ። ከተከራየች አበቃ፤ ይህን መክብብም ያውቃል። ያውቃል እንጂ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ ብሎላት አያውቅም፤ በቴሌግራም የሚጻጻፉት ስለ አድማጭ ብቻ ነው።

«ይድረስ ለባለሙያው» ብላ ትጀምራለች፣ ባሏን እንደ ባዳ አንቱ እያለች። «ዛሬም ወደቀብኝ።»

«ምን ነክተሽ?»

«ምንም አልነካሁም። ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።»

ማይክራፎኑ ይሆናል አለና ድምፁን አጎላው። ወደቀ። ሜሞሪው ጠብቦት ይሆናል አለና አሰፋለት። ወደቀ። የሚይዝ የሚጨብጠው ሲያጣ መልኩን ቀየረለት፤ ቁልፎቹን ወርቃማ ቀባ፣ ዳር ዳሩን ጥለት አስመሰለ። ዓምና ትርሲት ማኩረፍ ስትጀምር ሳሎኑን በአዲስ ሶፋ የሞላ ሰው እኮ ነው! «እጅግ ያምራል፤ እጅዎ ይባረክ» ብላ ጻፈች። ቀጥላ ደግሞ «ወድቋል» አለች።

የሚያሳብደው፣ እሱ ጋ ሲሞከር አይወድቅም። ቀኑን ሙሉ የበገና ቅጂ ሳያቋርጥ ያሰማዋል፤ አድማጭ ንቅንቅ የለም። «እኔ ጋ እኮ ይሠራል!» ብሎ ጻፈላት።

«እርስዎ ጋማ ይሠራል» ብላ መለሰች። ይህችን መልስ ደጋግሞ አነበባት፤ ምኗም አልገባውም።

አንድ ቀን አክስቷ እትዬ በላይነሽ ራሳቸው ደወሉለት። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የምትጻጻፉት ስለ ኮምፒውተር ነው?»

«አዎ እትዬ፤ በሽታው አልታወቀም።»

«እንግዲያው ለኮምፒውተሩ ምሕረቱን ይላክለት» ብለው ዘጉት። መክብብ ከልቡ አሜን አለ። አይ የዋህ!

ትርሲት የተቆረጡትን ቅጂዎች ሁሉ ትልክለታለች። እሱም ይሰማቸዋል፤ ሲሰማ ግን እንደ ልማዱ ነው። በገናው ሲያስገመግም ጆሮውን ይሰጣል፤ ጸጥ ሲል በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፈዋል። ከጸጥታ ውስጥ ምን ስህተት ይገኛል ብሎ!

ቅዳሜ ጠዋት የተቆለለ ሰሃን እያጠበ አንዱን ቅጂ ከፍቶ ነበር። ጸጥታው መጣ። ሊገፋው ፈለገ፤ እጁ እስከ ክንዱ አረፋ ነው። ምን ያድርግ፣ ሳይወድ በግዱ ሰማ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ወንበር ተንቋቋ። ትርሲት ምራቋን ዋጠች፣ አየር በረጅሙ ሳበች፣ ጣቷ አንዱን አውታር ነካ፣ «እ...» ስትል ድርግም! አረፋውን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሌላ ቅጂ ከፈተ። ያው ነው። ሌላም ከፈተ። ሁሉም የተቆረጠው ልትጀምር ስትል ነው።

ወደ ኮዱ ሮጠ፤ አገኘውም። በገዛ እጁ የጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ሰውየው ትንሽ ዝም ካለ ጨርሷልና ዝጋ ይላል። አድማጭ ሊዘጋ ሲነሳ እሷ ድምፅ ታወጣለች፤ መዝጋትና መስማት ይጋጩበትና ይወድቃል። ይህን ሲጽፍ ሥራ ያቀላጠፈ መስሎት ነበር። ትእዛዙን ሰረዘው። ከእንግዲህ አድማጭ፣ ባለ በገናዋ ራሷ በቃኝ እስክትል ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ከሄደች ወዲህ ደፍሮ ደውሎላት አያውቅም፤ ያን ቀን ደወለ። «ትርሲት፣ በሽታውን አገኘሁት። ዝም ስትዪ ያበቃሽ እየመሰለው ነው የሚዘጋው። እንዲህ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስል ነዋ የሚወድቀው።»

መክብብ ስለ አድማጭ ነው ወይስ ስለ ምን ብሎ ሊጠይቃት ነበር፤ አፈረና ተወው። አንድ የፈራው ጥያቄ ቀርቶት ነበር።

«የኪራይ ቤቱ ነገርስ... ጨረስሽ?»

ትርሲት ጸጥ አለች። «ሃሎ፣ ይሰማል?» ሊል ምላሱ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጠው። «ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» ሊልም ከጀለው፤ እሱንም ዋጠ። በስልኩ ውስጥ የደብረ ብርሃን ነፋስ ይሰማል፤ ከነፋሱ ሥር ትንፋሽዋ አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆመ።

«አልጨረስኩም» አለችው።