የእትዬ ሀያት ወጥ ቤት

ነገር የተበላሸው ሐሙስ ቀን ነው። የትኛው ሐሙስ እንዳትሉኝ፤ የኔ ነገር ሲበላሽ ሐሙስን ጠብቆ ነው። የመጀመሪያው አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው እዚሁ ካምፓላ።

ከአዲስ አበባው ልጀምር። የአርክቴክቸር ተማሪ ነበርኩ። የሳልኩትን ቪላ ግድግዳ ላይ ለጥፌ መምህራኑ ፊት ቆሜያለሁ። ሳሎኑ ያምራል፣ መኝታ ቤቱ ያምራል። ወጥ ቤቱን ግን ጓሮ አውጥቼ፣ ጣሪያ ባለው መተላለፊያ ከቤቱ ጋር አገናኝቼዋለሁ። ሽንኩርት ይቁላላበታላ፣ ሌላ ምን? የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር መላኩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ዘመናዊ ሰው ወጥ ቤቱን እንደ ሽንት ቤት ጓሮ አይደብቅም» አሉ። መምህራኑ ሳቁ። ተማሪውም ሳቀ። እኔም፣ ሳልነግራችሁ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፣ አብሬ ሳቅኩ። በዚያ ሥራ ወደቅኩ፤ ከክፍሉም ተሰናበትኩ። በማኔጅመንት ተመረቅኩ። ማኔጅመንት ክፉ ነው አልልም። ብቻ «ያ ማኔጅመንት እንዴት ያምራል» ብሎ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዛሬ እዚህ ካምፓላ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሴራሚክ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ አንዷ እትዬ ሀያት ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ካምፓላ ላይ በንግድ የከበሩ። ቡኮቶ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን እንደ አዲስ ሊያሠሩት ተነሱ። ቀለም መቀባት እንዳይመስላችሁ። እብነ በረዱ ከውጭ፣ መብራቱ ከውጭ፣ አርክቴክቱ ራሱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን። ሐሙስ ዕለት፣ ናሙና ይዘህ ና ቢሉኝ በቦዳ ሞተር በረርኩ። ሴራሚኬን ታቅፌ ሳሎን ስገባ ሶፋው ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ዶክተር መላኩ።

ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። የምናገረውን በልቤ ሳርም፣ ሳሻሽል ነው የኖርኩት። ታዲያ ምን አደረግኩ? ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«እትዬ፣ መምህሬ ናቸው። ለዚህ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው።»

አላወቁኝም። የታቀፍኩትን ሴራሚክ አየት አድርገው፣ «ተማሪዎቼ ሁሉ ጥሩ ቦታ ደርሰዋል» አሉ። አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ማፈሬ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ፕላኑ ተዘረጋ። በሳሎኑና በወጥ ቤቱ መሀል ያለው ግድግዳ ይፈርሳል፤ ምድጃው መሀል ቤት፣ እንግዳው ፊት ለፊት። እትዬ ሀያት ወደኔ ዞር ብለው፣ «አንተም የተማርክ ነህ፤ ሽታው አያስቸግርም?» አሉኝ። መልሱ አፌ ድረስ መጣ።

«ዶክተር ካሉማ...» አልኩ።

ግንበኞቹ ግድግዳውን በመዶሻ ናዱት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ማን እንዳለው እንጃ፤ የኔስ ነቅዟል።

ቤቱ ለዒድ ደረሰ። እንግዳ ሳሎኑን ሞላው። ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ ተጣደ፣ በርበሬው ተጨመረበት። ከውጭ የመጣው የጭስ መሳቢያ ጮኸ፣ ጮኸና ተስፋ ቆረጠ። ሰው ሁሉ ያስላል፣ ያነጥሳል፣ በመሐረብ ዓይኑን ያብሳል። አንድ የጅማ ነጋዴ ከፖርት ቤል ወደብ ዘግይተው መጡ። በር ላይ ቆመው ሰዉን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አላህ ይዘንላቸው። ማን ናቸው የሞቱት?»

እትዬ ሀያት ያን ቀን አልሳቁም።

ዶክተሩ ተጠሩ። እኔም እንደ ልማዴ አለሁ። ጓሮውን ቃኙ፣ እርሳስ አወጡ፣ ሳሉ። ወጥ ቤት ጓሮ፣ ጣሪያ ባለው መተላለፊያ ከቤቱ ጋር የተገናኘ። «የሀበሻ ቤት ያለ ጓሮ ወጥ ቤት አይሆንም፤ ዕድሜ ልኬን ያጠናሁት ነገር ነው» አሉ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። እትዬ ሀያት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «አየህ፣ መማር እንዲህ ነው።» አዎ እትዬ፣ አልኩ። የግድግዳውንም ሴራሚክ ራሴው መረጥኩላቸው። ነጭ ነው። ያምራል።

ዶክተር፣ ይህ ጽሑፍ እጅዎ ከገባ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ያኔ የጣሉት ወጥ ቤቱን ነበር ወይስ እኔን? ወጥ ቤቱን ከሆነ ይኸው ቡኮቶ ቆሟል፤ ሄደው ይዩት። እኔን ከሆነ ምክንያቱን ይንገሩኝ። ቁርጡን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ይገባኛልም።

ብቻ በደብዳቤ ያድርጉልኝ። ፊት ለፊት ከሆነማ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ብድግ ብዬ አመሰግንዎታለሁ።