ቁልፍ የማይወዱት ባለሦስት ቁልፍ ሰው

«እስካሁን ምን ሆነ?» የሚል አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጋሽ ተካልኝ ኢምባካሲ በሚባል ሰፈር የጭነት ድርጅት አላቸው፤ እኔ የኮምፒውተር ባለሙያቸው ነኝ። ከቤታችን ሆነን የቢሮውን ኮምፒውተር የምንከፍተው ቪፒኤን በሚባል የተመሰጠረ የኢንተርኔት መስመር ነው፤ መግቢያውን የሚጠብቀው ደግሞ በነፃ የሚገኝ፣ ክፍት ምንጭ ፋየርዎል፣ ማለትም ያልተፈቀደለትን የሚያግድ ፕሮግራም ነው። ፋየርዎሉ ደህና ነው። የሠራተኛውን ማንነት የሚያረጋግጡት የመግቢያ ሰርተፍኬቶች ምስጢራዊ ቁልፍ ግን ያረጀና ደካማ ነበር፤ ቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ የደንበኞች ፓስፖርት ቅጂ!

«ጋሼ፣ ቁልፉን ላጠንክረው። ግማሽ ቀን ይበቃኛል» እላቸዋለሁ።

«እስካሁን ማን ሰበረው?» ይሉኛል።

ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተባባልን። እኚህ ሰው ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ላይ ሦስት ቁልፍ፣ አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ደጁ ላይ ሁለት አስካሪ፣ ማለትም ዘበኛ አላቸው። የእሳቸው ቴሌቪዥን ከሰው ፓስፖርት ይበልጣል?

ባለፈው ሰኞ የሠራተኞቹ ላፕቶፖች ሶፍትዌራቸው ሲታደስ ደካማውን ሰርተፍኬት አንቀበልም አሉ። ሥራ ቆመ። እስከ ማታ ለሁሉም ጠንካራ ቁልፍ ሠርቼ ላክሁና የድሮውን ሰረዝኩ።

ጋሽ ተካልኝ ከቤታቸው ደወሉ። «የእኔ ላፕቶፕ አልታደሰም፣ ይሠራ ነበር! ማን ንኪ አለሽ? የድሮውን መልሺልኝ!»

«አልመልስም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ተባረሻል! ደብዳቤሽን አሁኑኑ እጽፋለሁ!»

«ይጻፉ። የደብዳቤው ቅጽ ግን ያለው የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው። መጀመሪያ አዲሱን ቁልፍ ይጫኑ።»

ላፕቶፓቸውን ሲከፍቱ ተሰማኝ። ከዚያም «እንዴት ነው የሚጫነው?» አሉኝ።

እየተናደድኩ፣ የገዛ መባረሪያዬን የሚጽፉበትን በር ደረጃ በደረጃ እየነገርኩ አስከፈትኳቸው።