የጋሼ ወርቅአገኘሁ አፍንጫ

ሰቆጣ ውስጥ ብቻህን መሆን ከፈለግህ የመኪናህን ኮፈን አትክፈት። ለቀብር እንኳ ሰው ተነግሮት ነው የሚመጣው፤ ኮፈን ሲከፈት ግን ሳይጠሩት የሚደርስ አንድ ሰው በየከተማው አለ። መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድ የለውም። ምክር ግን ሞልቶ ተርፎታል።

የእኛው ጋሼ ወርቅአገኘሁ ይባላሉ፤ ከመዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ ናቸው። እኔ በሐሜት ወንበር ላይ ተቀምጬ «ሊቀ ኮፈን» ብዬ ሾሜያቸዋለሁ፤ ሹመቱን ሰምተው አልተቃወሙም ይባላል። መኪና የሚመረምሩት በአፍንጫ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቅኔ እንደሚሰማ ሊቅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያሸታሉ። ከዚያ «ቆይ፣ አትንካው» ይላሉ።

አንድ ጊዜ የሙሽራ መኪና አስቁመው ከሥሯ የቀለጠ ፌስታል ፍቀው አውጥተዋል። ሚዜዎቹ እሳቸውን ራሳቸውን ሊፍቋቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው። ሌላ ቀን ደግሞ አንዱን የጭነት መኪና ሾፌር «ፍሪሲዮንህ አልቋል» ብለው ሊያስለቅሱት ሲሉ፣ የሚቃጠለው የጋለው የጭስ ቱቦ ላይ ጣል ያደረጉት የራሳቸው ካፖርት ሆኖ ተገኘ።

«ሽታውን ግን አልሳትኩም» አሉ፣ ካፖርቱን እያራገፉ።

ባለፈው ግንቦት ነርሷን መስታወትንና አንድ ሳጥን የሕፃናት ክትባት ጭኜ ወደ አበርገሌ ልወርድ ስል፣ ገና ከከተማ ሳልወጣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቢቆይ እስከ ከሰዓት ነው። ቆላው መሃል ቆመን ቢቀልጥ ክትባቱ ይጣላል፤ ልጅ አዝለው በእግር የመጡ እናቶችም እንደመጡ ይመለሳሉ። ጊዜ ስላልነበረኝ ሊቀ ኮፈን እንዳያዩኝ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ዞሬ ቆምኩ።

ኮፈኑን ሳልደግፈው ደረሱ።

«ማን ነገረዎት ጋሼ?»

«አንተ ብታልፍም ሽታህ ደጄ ላይ ቀረ።»

እኔ ከሞተሩ ታች የተንጠለጠለች ጠብታ አይቼ፣ እዚያው አጠገቧ ያለውን ብሎን ማጥበቅ ጀምሬ ነበር። እጄን ያዙኝ።

«ደብዳቤ እጅህ ላይ ስለተገኘ አንተ ጻፍከው ማለት ነው? ዘይት ወደ ላይ አይወጣም፤ መነሻውን ፈልግ።»

በረድ ሲል ሞተሩን በጨርቅ አስጠረጉኝ። ቀጥለው ወደ መስታወት ዞሩ።

«ሲስተር፣ በሶ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። ምሳዬ ነው።»

«ግማሹ ይበቃናል።»

«ሞተሩ ርቦት ነው እንዴ ጋሼ?» አልኩ።

«አንተ ዝም በል፤ አንተን የሚያጎርስህ የለም።»

በሶውን በተጠረገው ብረት ላይ ስስ አድርገው ነሰነሱትና ሞተሩን አስነሣ አሉኝ። በስተርጅና ጥንቆላ ጀመሩ ብዬ ሳቄን ዋጥኩ። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ከላይ፣ ከሞተሩ ክዳን የኋላ ጥግ ላይ፣ ዱቄቱ በቀጭን መስመር ጠቆረ። ዘይቱ ለካ ከዚያ እያመለጠ፣ በጎን ተንሸራቶ የጋለው የጭስ ቱቦ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። እኔ ሳሠቃየው የነበረው ብሎን ምንም የማያውቅ ምስኪን ነበር።

የክዳኑ ብሎኖች ላልተዋል። ባለ በሌለ ኃይሌ ላጠብቃቸው ስል አሁንም ያዙኝ።

«ስማ ደርቤ፣ እንደ ከበሮ ጠፍር ነው፤ አንዱን ወገን ብቻ ከሳብከው ይጣመማል። ከዚህ ትንሽ፣ ከማዶ ትንሽ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በሶውን ጠረግን፣ የጎደለውን ዘይት ሞላን። «ቱቦው ላይ የቀረው ተቃጥሎ እስኪያልቅ መሽተቱ አይቀርም፤ አትደንግጡ» አሉና፣ ሳንጋብዛቸው ገቢና ገብተው መስታወትን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። «መጥፋቱን ማረጋገጥ አለብኝ።»

ቁልቁለቱን ሁሉ በየኩርባው «አሁንም አለ» ይሉናል፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው። አበርገሌ ስንደርስ ሽታው የለም፤ በረዶው ግን አለ። እናቶቹ ዛፍ ሥር ተኮልኩለው ይጠብቁናል። የመጀመሪያው ሕፃን ተወግቶ ሲጮህ መስታወት በባዶ ሆዷ ፈገግ አለች። ጋሼ ግን መኪናዋን እየዞሩ ያሸታሉ። ምንም የለም።

ስንመለስ እንደተሻረ ሹም ዝም አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም በሉልኝ ብዬ የተመኘሁላቸው ሰው ዝም ሲሉ አንጀቴን በሉት።

«ጋሼ» አልኳቸው ዳገቱ መሃል፣ «የሆነ ነገር የሚሸት አይመስልዎትም?»

መስታወት ዞር ብላ አየችኝ። ወዲያው ገባት። «እኔንም እኮ ሸትቶኛል» አለች።

ጋሼ ቀና አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አየሩን ረዘም አድርገው ሳቡ።

«ቺንጋው ነው፣ የሞተሩ ቀበቶ» አሉ። «ገና መጀመሩ ነው። ዳር አስይዛት።»

ጤነኛዋን መኪና ዳር አስያዝኩና ኮፈኑን ከፈትኩላቸው።